ከስክሪፕት የሚታሸጉ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችና መለያ መረጃቸው

በፓይተን፣ በአውቶሆትኪ ወይም በአውቶኢት የተጻፈ ስክሪፕት፣ ማለትም ተርጓሚ በሚባል ሌላ ፕሮግራም እየተነበበ የሚሠራ የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ተርጓሚው ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ሲፈለግ ሁለቱ ባንድ የኢኤክስኢ ፋይል ይታሸጋሉ። በፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው የፕሮግራሙ ስም፣ ስሪትና የአሳታሚው ማንነት ግን ሠሪው ራሱ ካልሞላው በቀር ወይ ባዶ ይቀራል፣ ወይ የማሸጊያውን መሣሪያ መለያ ይዞ ይወጣል።

የኢኤክስኢ ፋይሎች ፒኢ የተባለውን፣ በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ 3.1 ጋር የወጣውን አደረጃጀት የሚከተሉ ሲሆን፣ በውስጡ ሪሶርስ የሚባለው ክፍል አይከኖችን፣ ፕሮግራሙ የአስተዳዳሪ ፈቃድ መፈለግ አለመፈለጉን የሚገልጸውን ማኒፌስትና የስሪት መረጃውን ይይዛል። የስሪት መረጃው ራሱ ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ እንደ 1.2.0.0 ያሉ አራት ቁጥሮች በቋሚ ቦታ የሚቀመጡበት ሲሆን፣ ሌላው የኩባንያውን ስም፣ መግለጫውን፣ የቅጂ መብቱንና የፋይሉን የመጀመሪያ ስም በጽሑፍ የሚይዝ ነው። ሁለቱ ቢቃረኑ ዊንዶውስ አያስታርቃቸውም። ጽሑፉ በዩኒኮድ ስለሚቀመጥ የድርጅቱን ስም በአማርኛ ፊደል መጻፍ ይቻላል፤ የአማርኛ የቋንቋ መለያ ቁጥርም 1118 ነው።

አስቸጋሪው ነገር መረጃውን መቼ መጻፍ እንደሚገባ ማወቅ ነው። የፓይተን ማሸጊያ መሣሪያ የሆነው ፓይኢንስቶለር ሁሉን ባንድ ፋይል ሲያሽግ፣ የፓይተኑን ኮድና ቤተ መጻሕፍቶቹን የያዘውን ማኅደር ቡትሎደር ከተባለው አስነሺ ፕሮግራም ጀርባ፣ ከፒኢ አደረጃጀት ውጭ ይቀጥለዋል። ሪሶርስ የሚያርም መሣሪያ ፋይሉን እንደገና ሲጽፍ ይህን ጭራ ሊቆርጠው ስለሚችል፣ መለያው አምሮ ፕሮግራሙ ግን ማኅደሩን አጥቶ አልነሣም ይላል። ስለዚህ የስሪት መረጃው በተለየ ፋይል ተጽፎ ለፓይኢንስቶለር አስቀድሞ ይሰጣል፤ እሱም መጀመሪያ ቡትሎደሩ ላይ ይጽፈዋል፣ ማኅደሩን ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። አውቶሆትኪና አውቶኢት መረጃውን ከስክሪፕቱ ውስጥ በልዩ መመሪያ መስመሮች ይቀበላሉ፤ ይህ አሠራር ከስክሪፕቱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ይበልጥ ምቹ ነው።

የአሳታሚውን ማንነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል ፊርማ ሪሶርሱንም ስለሚሸፍን፣ ከተፈረመ በኋላ አንድ ፊደል እንኳ ቢታረም ፊርማው ይፈርሳል። ያልተፈረመ ፋይል ላይ ደግሞ ማንም ሰው የፈለገውን ኩባንያ ስም መጻፍ ይችላል፤ የተንኮል ፕሮግራም ሠሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ፣ ያለ ፊርማ የስሪት መረጃ የሠሪው ቃል እንጂ የማንነት ማስረጃ አይሆንም።