አጫጅ ሲታጣ ዘይቱ ይወደዳል

በመተማና በአካባቢው ቆላ የሰብል ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ መስከረም ሲጋመስ ከገበሬው የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሰው ከየት ይገኛል?» ስለ ዘርም ስለ ተባይም የሚያነሣ የለም። ዝናቡ ሰምሮ፣ አረሙ በጊዜው ተነቅሎ፣ ሰሊጡ አምሮ ቢቆምም አጫጅ ካልተገኘ የዓመቱ ድካም ማሳ ላይ ይቀራል።

ነገሩ ከተክሉ ጠባይ ይጀምራል። ሰሊጥ ከተዘራ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል፤ የሚበስለው ግን ከታች ወደ ላይ ነው። የላይኛው ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ የታችኛው ደርቆ አፉን ይከፍትና ዘሩን ያራግፋል። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ከጀመረ በኋላ ለአጨዳ ያለን ጊዜ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው። የታጨደው በነዶ ይታሰራል፣ ነዶው ተደጋግፎ በሂላ ይቆማል፣ ሲደርቅ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። የስንዴ ኮምባይነር ቢገባበት ብዙው ዘር መሬት ላይ ይፈሳል። ከማጭድ እስከ ሸራ ሥራው የሰው እጅ ይፈልጋል።

ያ እጅ የሚመጣው ከደጋ ነው። ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ወጣቶች ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማ፣ ቋራ፣ አብደራፊና ሁመራ ይወርዳሉ። ነፋሻ አገር ያደገ ልጅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር የማይሞላ ሜዳ ላይ፣ ጥላ በሌለበት ማሳ ጎንበስ ብሎ ይውላል። ዝናቡ እንዳቆመ ፀሐዩ ይበረታል። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት በኋላ አጫጆቹ በየተራ ቀና እያሉ ውሃ ሲፈልጉ አያለሁ፤ ውሃው ሩቅ ከሆነ ሥራው እዚያው ላይ ይቆማል።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ጥናት እንደሚለው፣ ሙቀቱ ከ33 እስከ 34 ዲግሪ ሲደርስ መጠነኛ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ የሚሠራ ሰው የመሥራት አቅሙ በግማሽ ይቀንሳል። ሰሊጥ አጨዳ ደግሞ ከዚያ የከበደ ነው። እንግዲህ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ያንኑ ማሳ በዚያው ሳምንት ለመጨረስ ተጨማሪ ሰው ያስፈልጋል። የሰው እጥረት ከምንለው ከፊሉ የሚመጣው የመጣው ሰው ቀትሩን መሥራት ባለመቻሉ ነው። ሙቀትንና የጉልበት እጥረትን ለየብቻ ይዘን መፍትሔ ልናገኝላቸው አንችልም።

በዚህ ላይ የሚመጣው ሰው ራሱ ስጋት አለበት። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት የተነሣው በአጨዳ ወቅት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመንገድ መዘጋትና እገታ ብዙውን ወጣት ከቤቱ አስቀርቶታል። ወባና ካላዛርም አሉ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ሜዳ ላይ ያደረውን ሠራተኛ ሌሊት ትነድፈዋለች። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ የታወቀው ወረርሽኝ ከቆላ እርሻ በተመለሱ ሠራተኞች እንደገባ ይታመናል። ልጁን በዚህ በሽታ ያጣ ቤተሰብ ሌላውን ልጅ አይልክም።

ገበያው ላይ የሚሆነውን ደግሞ እንመልከት። ሰው ሲጠፋ የአጨዳ ኮንትራት ዋጋ በቀናት ውስጥ ይንራል። ገበሬው ከነጋዴ ይበደርና ብድሩን ለመክፈል ሰሊጡን ዋጋው ገና ሳይነሣ ይሸጣል። ያልታጨደው ይረግፋል። ሰሊጥ ለረጅም ዓመታት ከቡና ቀጥሎ የውጭ ምንዛሪ ሲያስገኝልን የኖረ ሰብል ነው፤ ወጥ የምንሠራበትን የፓልም ዘይት ግን ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ በዶላር እንገዛለን። ኢንዶኔዥያ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ዘይቷ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስታግድ ይህ ጥገኝነት ምን እንደሆነ አይተናል። ዘይት የሚወደድበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የዓለም ገበያም የብር ምንዛሪም አለበት። ነገር ግን ማሳ ላይ የረገፈ ሰሊጥ ዘይት የሚገዛውን ዶላር ይቀንሳል።

በዚሁ ቆላ የሚዘራው የማሽላ ጉዳይ ደግሞ በቀጥታ እንጀራችንን ይነካል። ማሽላ የሚታጨደው ሠራተኛው የራሱን ጤፍ ለማጨድ ወደ ደጋ በሚመለስበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። አጫጅ አጥቶ የቆመው ማሽላ ግሪሳ ወፍ ይወርድበታል። የተረፈው ገበያ ሲደርስ ጤፍ መግዛት ያቃተው ቤተሰብ በማሽላው ዋጋም ይፈተናል።

በምጎበኛቸው እርሻዎች ውስጥ ግን የተለየ ነገር የማይባቸው አሉ። ባለቤቶቻቸው ማሳው መካከል ዳስ ይጥላሉ፣ ንጹሕ ውሃ በበርሜል ያቀርባሉ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አጎበር ይሰጣሉ። ሥራ ጎሕ ሲቀድ ይጀምራሉ፣ ቀትር ላይ ያሳርፋሉ፣ ሲበርድ ይመለሳሉ። ደሞዝ በተባለው ቀን ይከፍላሉ። እነዚህ ገበሬዎች በመስከረም ሰው ፍለጋ ከተማ ለከተማ አይዞሩም፤ ሳሉግ የምንላቸው ልምድ ያላቸው አጫጆች በዓመቱ የመንደራቸውን ልጆች ይዘው ይመጡላቸዋል። ሁሉንም ማሳ በአንድ ቀን ባለመዝራት፣ ዝናቡ እስከፈቀደ ድረስ በየተራ እንዲደርስ የሚያደርጉም አሉ። ይህም የአጨዳውን ጥድፊያ ያቃልላል።

መንገድን ማስጠበቅ፣ ሠራተኛው ሲገባና ሲወጣ የካላዛርና የወባ ምርመራ ማድረግ የመንግሥት ሥራ ነው። ዳሱ፣ ውሃው፣ አጎበሩና በሰዓቱ የሚከፈለው ደሞዝ ግን የእኛና የባለማሳው ድርሻ ነው። ለመጪው ክረምት በጀት የምትይዙ ባለሀብቶችና ገበሬዎች ሆይ፣ የአጫጁን ጤና ከዘሩና ከማዳበሪያው ጎን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉት።