በማረጥ ወቅት ለሚከሰት ድንገተኛ የሙቀት ስሜት የሚሰጥ ዝቅተኛ መጠን ያለው የሆርሞን ሕክምና

ማረጥ የወር አበባ ለ12 ተከታታይ ወራት ሳይታይ ሲቀር የሚረጋገጥ ተፈጥሯዊ የዕድሜ ምዕራፍ እንጂ በሽታ አይደለም። በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ይከሰታል። ከምልክቶቹ ዋነኛው ከደረት ተነስቶ ወደ አንገትና ፊት የሚዛመት፣ ላብና የልብ ምት መጨመርን የሚያስከትል ድንገተኛ የሙቀት ስሜት ነው። ስሜቱ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ቢቆይም በቀን ሊደጋገም፣ በሌሊትም እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል። ብዙ እናቶች «ዕድሜ ያመጣው ነው» በማለት ለዓመታት በዝምታ ይታገሡታል።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ኢስትሮጅን የተሰኘው ሆርሞን ሲቀንስ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል በጥቂት የሙቀት ለውጥ ይታወካል። በመሆኑም ሰውነት ከልክ በላይ እንደሞቀ ቆጥሮ የቆዳ የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ላብም ያመነጫል።

ሕክምናው እንዴት ይሰጣል?

ሕክምናው የቀነሰውን ኢስትሮጅን በከፊል የሚተካ ሲሆን በሚዋጥ እንክብል ወይም በቆዳ ላይ በሚለጠፍ መልክ ይሰጣል። ማሕፀኗ በቀዶ ሕክምና ያልወጣላት ሴት ከኢስትሮጅን ጋር ፕሮጄስትሮን ወይም መሰል መድኃኒት መውሰድ ይኖርባታል፤ ኢስትሮጅን ብቻውን ሲወሰድ የማሕፀን ግድግዳ ካንሰር ሊያስከትል ይችላልና።

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ሰፊ ጥናት ሁለቱን ሆርሞኖች በጣምራ በወሰዱ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር፣ የስትሮክና የደም መርጋት መጠነኛ ጭማሪ አሳይቷል። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ዓመት፣ በየቀኑ የሚወስዱት ኢስትሮጅንም 0.625 ሚሊግራም ነበር። ዛሬ ለሙቀት ስሜት የዚህ ግማሽ ያህል መጠን ለብዙ ሴቶች በቂ ሆኖ ይገኛል። ለውጡ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መታየት ቢጀምርም ሙሉ ውጤቱን ለማየት እስከ 3 ወር መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። ሕክምናው በተለይ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በታች ለሆኑ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው ሴቶች ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል።

ሕክምናው የማይመከረው ለማን ነው?

• የጡት ወይም የማሕፀን ግድግዳ ካንሰር ላለባት ወይም ለነበረባት፣
• የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም የልብ ድካም ላጋጠማት፣
• ከባድ የጉበት ሕመም ላለባት፣
• ምክንያቱ ያልታወቀ የማሕፀን ደም መፍሰስ ላለባት።

ለእነዚህ ሴቶች ሆርሞን ያልሆኑ ሌሎች መድኃኒቶች ስላሉ ሐኪም ማማከር ተገቢ ነው።

ሊዘነጉ የማይገባቸው ጥንቃቄዎች

የሌሊት ላብ ሁሉ ከማረጥ የመጣ አይደለም። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ የክብደት መቀነስ ወይም ትኩሳት ካለ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም ጥቂትም ቢሆን ሳይዘገይ መመርመር አለበት።

መድኃኒቱን ለጎረቤት ወይም ለእህት የታዘዘውን በመጋራት መጀመር አደገኛ ነው። ሕክምናው እርግዝናን እንደማይከላከልም ልብ ሊባል ይገባል። መድኃኒቱን በመውሰድ ላይ ያለች ሴት የአንድ እግር ማበጥና ሕመም፣ የደረት ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ ጎን የሰውነት መስነፍ ካጋጠማት በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይኖርባታል።

ስስ የጥጥ ልብስ መደራረብ፣ የመኝታ ክፍልን ማናፈስ፣ ስሜቱን የሚቀሰቅስባት ከሆነም ቡና፣ የአልኮል መጠጥና በርበሬ የበዛበት ምግብ መቀነስ ሊያግዛት ይችላል። የሙቀት ስሜቱ ሥራዋንና እንቅልፏን የሚያውክባት ማንኛዋም ሴት በአቅራቢያዋ ወደሚገኝ ጤና ተቋም በመሄድ የደም ግፊቷንና የጤና ታሪኳን አስመርምራ ከባለሙያ ጋር እንድትመክር ይመከራል።