ሰይድ መሐመድ ጅግጅጋ ላይ የተዋጉት ከማን ጋር ነበር?

ጅግጅጋ ውስጥ ለሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን ሐውልት ቆሞላቸዋል። እሳቸውን በሚመለከት የሚነሳው ክርክር ግን ከሐውልቱ በፊትም ነበረ። የእንግሊዝን ቅኝ ገዢዎች ለሃያ ዓመት የተዋጉ አርበኛ ናቸው መባሉ እውነት ነው። ጅግጅጋ ላይ ሲነገር ግን ታሪኩ ጎደሎ ነው።

ሰይዱ መካ ላይ የሳሊሂያን ጠሪቃ (የሱፊ መንገድ) ተቀብለው ሲመለሱ በርበራ በእንግሊዝ እጅ ነበረች። የፈረንሳይ ካቶሊክ ካህናትም ወላጅ አልባ ሕፃናትን ያሳድጉባት ነበር። ሰይዱ አንዱን ልጅ «ጎሳህ ማን ነው?» ቢሉት «የአባቶች ጎሳ ነኝ» አላቸው ይባላል፤ አባቶች ያላቸው ካህናቱን ነው። ትረካው የቱንም ያህል ቢጋነን፣ ሰው በዘር ሐረጉ በሚታወቅበት አገር ምን ዓይነት ቁጣ እንደሚቀሰቅስ መገመት አይከብድም። በነሐሴ 1891 ዓ.ም. ቡርዖ ላይ ተከታዮቻቸውን ደርቪሽ ብለው አደራጁ። (መተማ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር የተዋጉት የሱዳን ደርቡሾች ሌሎች ናቸው።)

የመጀመሪያው ትልቅ ውጊያቸው ግን ከእንግሊዝ ጋር አልነበረም። ሐረር በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ ከተያዘች ወዲህ ወደ ኦጋዴን የሚዘምተው ሠራዊት ስንቁን የሚያገኘው ከአርብቶ አደሩ በረት ነበር። ግመሉና ከብቱ የተነዳበት ሕዝብ ለሰይዱ ጥሪ ጆሮው ክፍት ሆነ። በመጋቢት 1892 ዓ.ም. ደርቪሾች ጅግጅጋ ላይ የምኒልክን ጦር አዛዥ የግራዝማች ባንቲን ሰፈር አጠቁ። እጅግ ብዙ ሰው አለቀባቸው፤ የተወሰደውን ከብት ግን አስመለሱ። አርብቶ አደሩ ዘንድ ስማቸውን ያገነነው ይህ ነው። በዓመቱ ምኒልክና እንግሊዝ አብረው ዘመቱባቸው። ስለዚህ ሰይዱን የነጮች ጠላት ብቻ አድርጎ ማቅረብ የኢትዮጵያን መንግሥት ከታሪኩ ያወጣዋል፤ የእረኛውንም በደል ይሰውራል። የመንግሥቱም አቋም አንድ አልነበረም፤ ልጅ ኢያሱ በ1908 ዓ.ም. ከሰይዱ ጋር ወዳጅነት ፈልገዋል።

ሌላም የሚሸፈን ነገር አለ። አልከተልም ያለ ሶማሌ በደርቪሾች እጅ ተዘርፏል፣ ተገድሏል። የቃዲሪያ ጠሪቃ ታላቅ መሪ የነበሩት ሼኽ ኡወይስ በ1901 ዓ.ም. በደርቪሾች ተገደሉ፤ የክርስትና ሰባኪ አልነበሩም፣ የእስልምና መምህር ነበሩ።

በጥር 1912 ዓ.ም. የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የደርቪሾችን ምሽግ ታሌህን ደበደቡ። ሰይዱ ሸሽተው ዛሬ በሶማሌ ክልል ባለችው ኢሚ በ1913 ዓ.ም. በሕመም አረፉ። የደርቪሾችም፣ ደርቪሾች የዘረፏቸው ጎሳዎችም ዘሮች ዛሬ በዚሁ ክልል አብረው ይኖራሉ፤ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ስለ ሰይዱ ሲጽፍ የሁለቱንም ቤተሰብ ትዝታ መያዝ አለበት።