ለአራስ ጥየቃ የምትሆን ኮፍያ

ቴሌቪዥን ሲሳሳ ዳንቴል መቀመጫ አጣ። ጀርባው የጎበጠው፣ አናቱ የሰፋው የድሮ ቴሌቪዥን በየሳሎኑ በነገሠበት ዘመን ነጭ ዳንቴል ያልተነጠፈበት ቤት ማግኘት ቀላል አልነበረም። ከቴሌቪዥኑ ወደ ቴፑ፣ ከቴፑ ወደ ፍሪጁ፣ ከፍሪጁ ወደ ሶፋው መደገፊያ ይዘልቃል። ጠርዙ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በስኳር ውኃ ነክረው የሚያደርቁ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ጉንዳን ሲወረው የሚስቁ ጎረቤቶችም አልጠፉም። ከዚያ ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን መጥቶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አናቱ ለጣት እንኳ ቦታ የለውም። ብዙ ሰው የዳንቴል ሙያም አብሮ ያለፈበት መሰለው።

ሙያው ግን አለ። ከዕቃ ላይ ወርዶ ሰው ላይ ወጣ፤ የሕፃን ራስ፣ የአያት ትከሻ፣ የጓደኛ አንገት ላይ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ድሮም ቦታው እዚያ ነበር።

መጀመሪያ ከመሣሪያዎቹ ጋር እንተዋወቅ። ዳንቴል የምንለው በኪሮሽ፣ ሹራብ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ረጃጅም መርፌዎች ይሠራል። ኪሮሽ የእስክሪብቶ ያህል ርዝመት ያላት፣ ጫፏ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ዘንግ ናት። ለቀጭን የጥጥ ክር የምትሆነው የብረት ኪሮሽ ውፍረቷ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ለወፍራም የሹራብ ክር 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ያላት ትመረጣለች።

በኪሮሽ ሥራ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ቀለበት በአብዛኛው አንድ ብቻ ነው። ክሩን በመንጠቆው ይዞ በቀለበቱ ውስጥ መሳብ፣ አዲሱን ቀለበት ይዞ አሮጌውን መልቀቅ፣ በቃ። ሲደጋገም ሰንሰለት ይወጣዋል፤ ሰንሰለቱን እየወጉ ሲመለሱበት ጨርቅ ይሆናል። በሹራብ ግን የአንድ ረድፍ ቀለበት በሙሉ፣ 60ም ይሁን 100፣ መርፌው ላይ ተደርድሮ ተራውን ይጠብቃል። አንዱ ካመለጠ እስከ ታች ድረስ መሰላል እየሠራ ይተረተራል። ስለዚህ ሹራብ መቀመጫና ጸጥታ ይፈልጋል። ዳንቴል የምትሠራ ሴት ግን ታክሲው ሲመጣ ኪሮሿን ነቅላ፣ የመጨረሻዋን ቀለበት ሳብ አድርጋ አስፍታ፣ ሥራዋን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ቢተረተርባት እንኳ ከጫፉ ነው። ሹራብም የራሱ ብልጫ አለው፤ ይለጠጣል፣ ገላ ላይ ይለሰልሳል፣ የሚፈጀው ክርም ብዙውን ጊዜ ያንሳል።

ለልጅ እግር ክር መቋጠር የቆየ ነገር ነው። በለንደን የብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አንቲኖፖሊስ ከተባለችው ጥንታዊት የግብፅ ከተማ የቆሻሻ ክምር የተገኘች አንዲት የሕፃን ካልሲ አለች። ዕድሜዋ ወደ 1,700 ዓመት ይጠጋል። የግራ እግር ናት፤ ከክፍት ጫማ ጋር እንድትደረግ አውራ ጣቱ ለብቻው ተከፍሎ ተሠርቷል። በኪሮሽም በሹራብ መርፌም የተሠራች አይደለችም፤ ከሁለቱም በሚቀድም ዘዴ፣ በአንድ ባለ ቀዳዳ መርፌ ቀለበት ከቀለበት እየተቋጠረ የተገኘች ናት። በ2018 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በልዩ ልዩ ብርሃን ፎቶ አንስተው ሲያጠኗት ሰባት ዓይነት የክር ቀለም አገኙባት፤ ሰባቱም ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ከሚሰጡ ሦስት ዕፅዋት የተቀመሙ ናቸው። ሰባት ቀለም ለአንድ የሕፃን ካልሲ! መቼም የሠራው ሰው የተራረፈ ክር ሳይጨርስ አልቀረም ብዬ እገምታለሁ፤ ዛሬም የልጅ ካልሲ የሚሠራው ከትርፍራፊ ነውና።

የሹራብና የዳንቴል ዕጣ የተለያየው ማሽን ሲመጣ ነው። በ1589 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ ካልሲ የሚሠራ ማሽን ፈለሰፈ። ቀዳማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ የባለቤትነት መብት ብትነፍገውም ማሽኑ አልሞተም፤ ዛሬ የምንለብሰው ካልሲና ካናቴራ ሁሉ የዚያ ማሽን የልጅ ልጅ ነው። የኪሮሽ ሥራ ግን እስከ ዛሬ ለፋብሪካ እጁን አልሰጠም። መልኩን የሚያስመስሉ ማሽኖች አሉ፤ እውነተኛውን የኪሮሽ ቋጠሮ በገፍ እየሠራ ገበያ የሚያቀርብ ማሽን ግን የለም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ በርካሽ የምታዩት በኪሮሽ የተሠራ ቦርሳ ወይም ኮፍያ፣ የትም አገር ይሁን፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በጣቱ የሠራው ነው። ለዚያ ሰው ስንት ደረሰው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በዚህ ሙያ ሕይወቱን ያተረፈ ሕዝብም አለ። ከ1845 እስከ 1852 እ.ኤ.አ. አየርላንድን የድንች በሽታ ያመጣው ረሃብ ሲመታት፣ መነኮሳት በየገዳማቸው ሴቶችንና ልጆችን የኪሮሽ ዳንቴል አስተማሩ። አንዷ ጽጌረዳውን ብቻ፣ ሌላዋ ቅጠሉን ብቻ ትሠራለች፤ በኋላ ሁሉም በመረብ ተያይዞ አንገትጌና ቀሚስ ይሆንና ለለንደንና ለፓሪስ ባለጸጎች ይሸጣል። በዚያ ገንዘብ የቤት ኪራይ የከፈሉ፣ ወደ አሜሪካ የመርከብ ዋጋ ያጠራቀሙ ቤተሰቦች ነበሩ።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ሌላ ትርጉም አለው። በደጋው አገር በአብዛኛው ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። እናት በእንዝርት ያወረደችው ክር ከእጇ ወጥቶ ሸማኔ ቤት ገብቶ ነው ነጠላና ጋቢ ሆኖ የሚመለሰው። በዳንቴል ግን ሴቲቱ ከመጀመሪያው ቋጠሮ እስከ መጨረሻው ጠርዝ የማንም እጅ ሳይገባበት ራሷ ትጨርሰዋለች። በቤቷ ዳንቴል ያን ያህል የኮራችው በዚህ ይመስለኛል። ዳንቴል የሴት ነው የሚለው ነገር በበኩሉ እስር ቤት በር ላይ ሲደርስ ያበቃል፤ ኮፍያና ቦርሳ በኪሮሽ የሚሠሩ ወንዶች በማረሚያ ቤቶቻችን ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ኮፍያዋ እንምጣ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ራሱ ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ትልቅ ስለሆነ ሙቀት በብዛት ያባክናል። በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ኤድጋር ሬይ የተባሉ ሐኪም ያስጀመሩት፣ ያለ ጊዜው የተወለደን ሕፃን እናት ደረት ላይ ገላ ለገላ አስተኝቶ የማሞቅ ዘዴ ዛሬ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ይሠራበታል። በዚያ ዘዴ ሕፃኑ ራቁቱን ሆኖ ከዳይፐርና ከካልሲ ሌላ የሚደረግለት ኮፍያ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት የሚሄድ ሰው ከገንፎው ጎን ይህችን ይዞ ቢሄድ የሚያስወቅስ አይሆንም።

የኮፍያ አናት ክብ ነው፤ ሰፌድ እንደምትሰፋ ሴት ከመሃል ተነስቶ እየዞሩ መስፋት ነው። የመጀመሪያው ዙር 6 ቋጠሮ ይኖረዋል። ሁለተኛው በእያንዳንዱ ቋጠሮ ላይ ሁለት ሁለት እየተወጋ 12 ይሆናል። ሦስተኛው 18፣ አራተኛው 24፤ በየዙሩ 6 ይጨመራል። ይህች 6 ቁጥር ናት ሥራውን ዝርግ አድርጋ የምትይዘው። ካነሱ ክቡ ያለ ጊዜው ይጎደጉዳል፤ ከበዙ ጠርዙ እየተኮማተረ እንደ ጥብጣብ ይርገበገባል። ጀማሪ ሰው መቁጠር ሲሰለቸው ሥራው ራሱ ይነግረዋል።

ጨቅላ ሕፃን የራስ ዙሪያው 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የኪሮሽ ሥራም በመጠኑ ስለሚለጠጥ ኮፍያዋ 32 ብትሆን በልክ ትቀመጣለች። 32ን ለ3.14 ስናካፍል 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ እንግዲህ ዝርጉ ክብ ከዳር እስከ ዳር 10 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ መጨመሩ ይቆማል። በ4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽና በመካከለኛ ክር ስምንተኛው ዙር አካባቢ፣ 48 ቋጠሮ ላይ ማለት ነው። ከዚያ ምንም ሳይጨምሩ መዞር ብቻ፤ ግድግዳው ራሱ ወደ ታች ይወርዳል። ከአናት እስከ ጠርዝ 13 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ክሩ ተቆርጦ ጫፉ በመርፌ ውስጥ ለውስጥ ይሰፋል። እጁ የሚጠብቅ ሰው በዚሁ ቁጥር ጠባብ፣ እጁ የላላ ሰው ሰፊ ኮፍያ ስለሚያወጣ፣ ከቁጥሩ ይልቅ ሜትሩን ማመን ይሻላል።

የሕፃን ነገር ሲሆን ውበት ወደ ኋላ ይላል። አዝራር፣ ዶቃ፣ አንገት ላይ የሚታሰር ገመድ አያስፈልግም፤ አንዱ ይዋጣል፣ ሌላው ያንቃል። የካልሲ ውስጡ ተገልብጦ ይታይ፤ ሳይሰፋ የቀረ ክር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቆም ይችላል፣ ሕፃኑም ከማልቀስ በቀር የሚናገርበት የለውም። ትልልቅ ቀዳዳ ያለው የዳንቴል ብርድ ልብስም በዚሁ ምክንያት ለጨቅላ አይመከርም፤ ከፍ ሲል ይደርስለታል።

ክሩስ? ገበያ ላይ ሱፍ እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው አክሪሊክ ነው። መለየት ለሚፈልግ አንዲት ቁራጭ ክር በእሳት መለኮስ ይበቃል። እውነተኛ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። አክሪሊክ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። አክሪሊክ አይረባም ማለቴ አይደለም፤ በቀላሉ ይታጠባል፣ ዋጋውም ይቀመሳል። ከእሳት ግን ይራቅ፤ ምድጃ ለምድጃ ለሚውል ሰው የሚሠራ ነገር እውነተኛ ሱፍ ቢሆን ይመረጣል።

ከሁሉም የሚረክሰው ክር የሰልባጅ ሹራብ ነው። ያረጀ ሹራብ ገዝቶ መተርተር እናቶቻችን የሚያውቁት ብልሃት ነው፤ ሲገዛ ግን የጎኑን ስፌት ገልብጦ ማየት ያሻል። ሁለቱ ጎኖች በየጠርዛቸው ሳይቆረጡ ከተሰፉ፣ ስፌቱ ተፈትቶ ክሩ ሳይበጠስ ረድፍ በረድፍ ይወርዳል። ጠርዙ በመቀስ ተቆርጦ በማሽን ከተዘመዘመ ግን ሲተረተር የሚገኘው አንድ ክንድ አንድ ክንድ የሆነ ቁርጥራጭ ነው። የተተረተረው ክር ወንበር መደገፊያ ላይ ይጠመጠማል፣ ሦስት አራት ቦታ ይታሰራል፣ ይታጠባል፤ እርጥቡን ከታች ትንሽ ክብደት አንጠልጥሎ ሲሰቅሉት የተጠማዘዘው ይቃናል። ከዚያ ወደ ልቃቂት።

እጇ የተባረከ ሴት ሁሉ አንድ ቀን «ይህንን እኮ መሸጥ ትችያለሽ» መባሏ አይቀርም። ተናጋሪው ለማድነቅ ነው። ሒሳቡ ግን አያወጣም። ለአንዲት የአልጋ ልብስ የሚሄደው ሰዓት በቀን ሠራተኛ ዋጋ እንኳ ቢታሰብ የሚገዛት አይገኝም፤ ዋጋው ለገዢ ሲመጥን ደግሞ ባለሙያዋ በነፃ ሠርታለች ማለት ነው። ማሽን ያልደረሰበት ሙያ ዕዳው ይህ ነው። ስለዚህ የኪሮሽ ሥራ ከገበያ ይልቅ በስጦታ መንገድ ቢሄድ ይቀናዋል እላለሁ፤ ስጦታ ሰዓት አይቆጥርም። ስጦታም ከሆነ ትንሽ ይሁን። ለሙሽሮች ተጀምረው፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት እስኪገቡ ያላለቁ የአልጋ ልብሶች በየቁምሳጥኑ አሉ። ኮፍያ ግን አንድ ሁለት ምሽት ናት፤ ሰጪም ሳይሰለች፣ ተቀባይም ሳያድግ ትደርሳለች።

ወሯ የገባ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያለቻችሁ፣ ብርድ ልብሱን ለሌላ ጊዜ ተዉትና ኮፍያዋን ዛሬ ጀምሩ። ለሆስፒታል ጨቅላ ሕፃናት ክፍል መስጠት የምታስቡ ደግሞ አስቀድማችሁ ነርሶቹን ጠይቁ፤ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ራሱ ከ35 ሴንቲ ሜትር በብዙ ያንሳል፣ የሚያስፈልገውን መጠንና የሚቀበሉትን የክር ዓይነት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።