የጤፍ ደረጃ፦ ከማኛ እስከ ቀይ

ግሮው ኤ ጋርደን በ2017 ዓ.ም በሮብሎክስ የጨዋታ መድረክ ላይ ወጥቶ ብዙ ልጆችን በስልክ ገበሬ ያደረገ ጨዋታ ነው። ዘሩ ሁሉ ደረጃ አለው፤ ከኮመን ተነሥቶ ሬር፣ ሌጀንደሪ፣ ሚቲካል እያለ ይወጣል። ካሮት ታች ነው፤ ከሱቁ አይጠፋም። ሱቁ በየ5 ደቂቃው ዕቃ ቢያድስም የላይኞቹ ዘሮች ብቅ የሚሉት ከስንት አንዴ ነው፤ ዋጋቸውም እንደዚያው ይወደዳል። የመገኘት ዕድላቸውን አስቀድመው የወሰኑት የጨዋታው ሠሪዎች ናቸው።

መካነ ኢየሱስ ገበያ ጤፍ ጭኖ የሚወጣው የእስቴ ገበሬም ደረጃን ጠንቅቆ ያውቃል። አገሩ ከጉና ደጋ እስከ ዓባይ ሸለቆ የተዘረጋ ነው፤ ደጋው ገብስና ድንች፣ ዝቅ ያለው ጤፍ ያበቅላል። የጤፍ ደረጃ ደግሞ በዋናነት በቀለም ይለያል። ከሁሉ በላይ ማኛ አለ፤ ንጣቱ የጠራ፣ እንጀራው የሚያበራ። ቀጥሎ ነጭ ይመጣል። ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት ሰርገኛ ነው። በመጨረሻ ቀዩ ይሰለፋል፤ ጥቁር ጤፍ የሚሉትም አሉ።

ገዢ በስም ብቻ አይከፍልም። ከጆንያው ዘገን አድርጎ መዳፉ ላይ ይዘረጋል፤ እፍ ብሎ ገለባውን ያያል፤ በጣቱ እያሸ አሸዋ ይፈልጋል። በነጩ መሐል ቀይ ፍሬ ከበዛ ዋጋው ወደ ሰርገኛ ይወርዳል። 1 ግራም ውስጥ ከ2,500 በላይ ፍሬ ስላለ ቀዩን ለቅሞ ማውጣት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ደረጃው የሚጠበቀው ከዘሩ ምርጫና ከአውድማው ንጽሕና ጀምሮ ነው።

ደረጃ ግን የምርት መጠን ማለት አይደለም። ማኛ የሚባለው የተሻሻለ ዝርያ ፍሬው ነጭ ሆኖ ምርቱ አነስተኛ ነበር፤ ዱከም የተባለው ደግሞ ምርታማ ሆኖ ንጣቱ አያረካም ነበር። ሁለቱን ማዳቀል ቀላል አልነበረም፤ የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ነው፣ ራሱን በራሱም ያዳቅላል። የጤፍ ተመራማሪው ዶክተር ታረቀ በርሄ በ1960ዎቹ መገባደጃ ላይ አበባው የሚከፈተው በማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ከንጋቱ 12:45 እስከ 1:30 ገደማ መሆኑን ደረሱበት። በዚያች ሰዓት በእጅ ማዳቀል ተቻለ። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ማኛንና ዱከምን አዳቅለው በ1998 ዓ.ም ቁንጮን ለገበሬ አደረሱ፤ የአንዱን ንጣት ከሌላው ምርታማነት ጋር ይዞ የመጣ ዝርያ ነው።

ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በጨዋታው ብርቅ የሆነው ዘር ብርቅ ሆኖ ካልቀረ ዋጋ ያጣል፤ በማሳ ላይ ግን ነጭ ጤፍ በየገበሬው እጅ ሲበዛ አገር ይጠቀማል። ቀዩም ቢሆን በዋጋ ታች ስለተሰለፈ የሚናቅ አይደለም። ነጩ የተሻለ መሬትና እንክብካቤ ሲሻ ቀዩ ችግርን ይችላል፤ በከተማም ለጤናዬ ብሎ እሱን የሚመርጥ በዝቷል። ደረጃ የገበያን ፍላጎት ይነግረናል፤ የእህሉን ሙሉ ዋጋ ለማወቅ ግን የበቀለበትን መሬትና የሚበላውን ሰው መጠየቅ ይገባል።