የእግር ኳስ ክብደትና መጠን በግዥ ሰነድ ላይ

ለትምህርት ቤት ወይም ለወጣቶች ውድድር የሚቀርብ የግዥ መጠየቂያ «ኳስ፣ ብዛት 20» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ንብረት ክፍሉ ዕቃውን የሚረከበው ቆጥሮ እንጂ መዝኖና ለክቶ አይሆንም። ሞዴል 19 ከተቆረጠ በኋላ ኳሱ ለአሥር ዓመት ሕፃን የከበደ መሆኑ ቢታወቅ እንኳ ለአቅራቢው መመለስ አስቸጋሪ ነው፤ ውሉ ስለ ክብደት የሚለው ነገር የለምና።

የእግር ኳስ ጨዋታ ሁለተኛው ሕግ ስለ ኳስ የሚደነግግ ነው። በዚሁ መሠረት የኳሱ ዙሪያ ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ጨዋታው ሲጀመር ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም፣ የአየር ግፊቱም ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር መሆን ይገባዋል። በገበያ «ቁጥር 5» የሚባለው ይህ ነው። ክብደቱ አሁን ወዳለበት ደረጃ ከፍ ያለው እ.ኤ.አ. በ1937 ሲሆን፣ በዚያ ዘመን የነበረው የቆዳ ኳስ በዝናብ ጊዜ ውኃ እየመጠጠ ከዚህም በላይ ይከብድ ነበር። በክሪኬት የሚፈቀደው ልዩነት እጅግ ጠባብ ነው፤ የወንዶች ኳስ ከ155.9 ግራም ማነስ፣ ከ163 ግራምም መብለጥ አይችልም። የእኛው የገና ጨዋታ ሩር ግን ሚዛን ላይ የወጣበት ጊዜ ስለመኖሩ ያጠራጥራል።

ለሕፃናት የሚመረጠው «ቁጥር 4» ሲሆን፣ ዙሪያው ከ63.5 እስከ 66 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ350 እስከ 390 ግራም ነው። ሕጉ ራሱ ብሔራዊ ፌዴሬሽኖች ለወጣቶች የኳሱን መጠንና ክብደት እንዲያሻሽሉ ይፈቅዳል። ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድና የሰሜን አየርላንድ ፌዴሬሽኖች እ.ኤ.አ. በ2020 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በልምምድ ወቅት ኳስ በጭንቅላት እንዳይገጩ መመሪያ ማውጣታቸው ይታወሳል።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይታከላል፤ እርሱም ከፍታ ነው። ሦስቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ሱሉልታ ወደ 2700 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ከፍታ የውጭው አየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው በ28 በመቶ ገደማ ያንሳል። የግፊት መለኪያ የሚያሳየው በኳሱ ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት በመሆኑ፣ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ድሬዳዋ በ1.0 አትሞስፌር የተሞላ ኳስ፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ፣ ሱሉልታ ሲደርስ ወደ 1.15 ከፍ ይላል። ክብደቱ ሳይለወጥ ከተፈቀደው በላይ ይጠነክራል ማለት ነው። የሳሳው አየር ስለማይዘውም ፈጥኖ ይሄዳል።

ሰበታ ከተማ በፕሪሚየር ሊጉ በነበረበት በ2013 ዓ.ም. ውድድሩ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተዘዋውሮ ተካሂዷል። እንዲህ ባለው ጉዞ የኳስ ግፊት በየከተማው እንደገና መለካት አለበት።

ስለዚህ የግዥ ዝርዝር መግለጫው የኳሱን ቁጥር፣ ዙሪያ፣ ክብደትና የተጠቃሚዎቹን ዕድሜ ቢይዝ ተጫራቹም ተረካቢውም የሚግባቡበት ይሆናል። ለይፋዊ ውድድር ከሆነ የፊፋ የጥራት ምልክት መኖሩም ይታያል፤ ምልክቱን ለማግኘት ከሚደረጉት ፍተሻዎች አንዱ ኳሱ የሚመጠው የውኃ መጠን ሲሆን፣ ይህም በክረምት ረግረግ ለሚሆኑ ሜዳዎች ጠቃሚ ነው። ለርክክቡ የግራም ሚዛን፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና የግፊት መለኪያ ይበቃሉ። ኳሱ መጀመሪያ በሚፈለገው ግፊት ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ዙሪያው ይለካል፤ ያልተነፋ ኳስ ሲለካ ከትክክለኛ መጠኑ ያነሰ ይመስላልና።