ከሰሞን መሬት እስከ አባልነት ደብተር

ሙዳየ ምጽዋት በአንድ ሰው እጅ አይከፈትም። ካህኑም ምእመኑም ባሉበት ቁልፉ ይዞራል፤ የተጨማደደው ብር ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል፤ ይቆጠራል፤ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ ይፈረምበታል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎቿን በዚህ መንገድ የምታስተዳድርበት ደንብ «ቃለ ዓዋዲ» ይባላል። ዓዋዲ በግእዝ ዐዋጅ ነጋሪ ነው፤ ወንጌል መጥምቁ ዮሐንስን የሚጠራበት ቃል ነው።

ቀድሞ አጥቢያን ያኖረው መሬት ነበር። ቄሱ ለአገልግሎቱ የተሰጠውን የሰሞን መሬት እያረሰ በተራው ይቀድሳል፤ ደብተራውም በመሬቱ እየኖረ ማኅሌት ይቆማል። ደብሩን አለቃው ያስተዳድራል፤ ንዋያተ ቅድሳቱን ቄሰ ገበዙ ይጠብቃል። ምእመኑ አስቀድሶ፣ ስእለቱን አግብቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል እንጂ ስለ ደብሩ ገንዘብ የሚጠይቀውም የሚጠየቀውም እምብዛም ነው። በ1935 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ድንጋጌ የካህናትን ዳኝነት በመንፈሳዊ ጉዳይ ወሰነው፤ የቤተ ክርስቲያኗን የመሬት ግብርም ሥርዓት አስያዘ። የአጥቢያው ምሰሶ ግን ያው መሬት ሆኖ ቀጠለ።

በ1965 ዓ.ም.፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ ቃለ ዓዋዲ ሲታወጅ ምእመኑ ወደ ጉባኤው ገባ። በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ተቋቋመ፤ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተመርጠው አብረው ተቀመጡ። ሰብሳቢው የደብሩ አስተዳዳሪ ነው። መዋቅሩ ከአጥቢያ ተነሥቶ በወረዳና በሀገረ ስብከት በኩል መንበረ ፓትርያርክ ይደርሳል።

ደንቡ ለጥቂት ደረሰ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተባለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የከተማው ትርፍ ቤት ተወረሰ። አቡነ ቴዎፍሎስም በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሡ፤ ኋላም በደርግ ተገደሉ። ደንባቸው ግን ቆየ፤ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ተሻሽሎ ወጣ።

ዛሬ በብዙ አጥቢያ ሰው ሲሞት ከቀብሩ በፊት የሟቹ የሰበካ ጉባኤ የአባልነት መዋጮ ደብተር ይፈለጋል፤ መዋጮው የስንት ወር ይቀረዋል ይባላል። በሐዘን መካከል ስለ ብር መጠየቅ ቅር የሚያሰኘው ብዙ ነው። ነገር ግን ሰሞነኛው የሚያርሰው ማሳ ከተወሰደ ወዲህ፣ ማሳው ያቺ ደብተር ናት።